ጥቆማ፦ በእጅ የሚያዝ ጌም ኦንላይን ለማስገባት አዲስ አበባ ላይ የቱ ኢንተርኔት ይሻላል?

ከአሜሪካ የኔንቴንዶ ስዊች የመጣላችሁ፣ ስቲም ዴክ የገዛችሁ፣ የድሮ የሶኒ ፒኤስፒ ከቁም ሳጥን ያወጣችሁ ሁሉ መጨረሻ ላይ የምትጠይቁት አንድ ነው፦ በምን ኢንተርኔት ይሻላል? መልሱን ከላይ ላስቀምጠው። ለመጫወት የስልክ ሆትስፖት። ለማውረድ የቤት ዋይፋይ፣ ያውም ሌሊት። ካፌና ሆቴል ሌላ ሲጠፋ።

ብዙ ሰው ይህንን ገልብጦ ነው የሚያደርገው። ምሽት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓት በቤት ዋይፋይ ኦንላይን ሊጫወት ይታገላል። 10 ጊጋ ጌም ደግሞ በስልክ ፓኬጅ ያወርዳል። ከዚያ «የኛ አገር ኢንተርኔት ለጌም አይሆንም» ብሎ ይደመድማል።

ኦንላይን ጨዋታ ዳታ አይበላም። እንደ ፎርትናይት ያለው በሰዓት 100 ሜጋባይት አካባቢ ቢወስድ ነው። የሚፈልገው አለመቆራረጥና ፈጣን ምላሽ ነው፤ ፒንግ የምንለው። ማውረድ ሌላ ጣጣ ነው። መስመሩ ቢቆራረጥ ግድ የለውም፣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ግን ጊጋ በጊጋ ይውጣል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር 10 ጊጋባይት ለማውረድ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ያውም ሌላ ሰው መስመሩን ካልነካው።

ቤት

ቤት ድረስ በገመድ የሚገባ መስመር ከፈለጋችሁ በብዛት የሚገኘው የቴሌ ነው። ፋይበር ሰፈራችሁ ደርሶ ከሆነ ሁለቴ አታስቡ። ካልደረሰ የድሮው የስልክ ገመድ አለ፤ ለማውረድ ይበቃል። የመደበኛው ብሮድባንድ ጥሩ ጎኑ የምትከፍሉት በፍጥነቱ ልክ መሆኑ ነው፣ ጊጋ እየቆጠረ አያስጨንቃችሁም። ስዊች ደግሞ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ተኝቶም ያወርዳል። ማታ ማውረዱን አስጀምራችሁ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ብዙውን ጨርሶ ይጠብቃችኋል።

ገመድ ማስገባት የማይችል ተከራይ ሲም የሚገባበት ራውተር ይግዛ። ቴሌም አለው፣ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ሳፋሪኮምም አለው። የቱ ይሻላል ለሚለው ከሰው ምክር አትቀበሉ፣ ከእኔም ቢሆን። አንዱ ሰፈር የሚበረው ሌላው ጋ ያነክሳል፤ አንዳንዴ ሳሎን ይዞ መኝታ ቤት አይዝም። ራውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ከጓደኛ የሁለቱንም ሲም ተዋሱ። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ጌሙን በምትጫወቱበት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ፒንጉን ለኩ። ቀን 5 ሰዓት ላይ የተለካ ልኬት ምንም አይነግራችሁም። «ያልተገደበ» የሚል የሞባይል ፓኬጅ ካያችሁም ፍጥነቱ ከስንት ጊጋ በኋላ እንደሚወርድ ሳታነቡ አትግዙ።

አሁን ስለ ራውተሩ። የዛሬ ራውተሮች ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃሉ፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ 2.4ቱ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ የሚጋፋበት ነው። ስዊች፣ ስዊች ላይትና ስቲም ዴክ 5ቱን ያነባሉ። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ 5ቱን ያዙ። በመካከላችሁ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ካለ ግን 2.4 ይሻላል፣ 5ቱ ግድግዳ አይወድም።

ከቴሌው ራውተር ጀርባ የራሳችሁን ሌላ ራውተር የሰካችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ። ሁለቱም እንደ ራውተር የሚሠሩ ከሆነ ጓደኛ ጋር መገናኘት ችግር ይሆናል። ሁለተኛውን «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ላይ አድርጉት። ስዊች ላይ የኢንተርኔት ሙከራውን ስታስኬዱ መጨረሻ ላይ «ናት ታይፕ» ብሎ አንድ ፊደል ያወጣል። ኤ እና ቢ ሰላም ነው። ሲ ከአንዳንዱ ጋር ያገናኛል፣ ከአንዳንዱ አያገናኝም። ዲ ከሆነ ኤ ካለው ሰው ጋር ብቻ ነው። ኤፍ ከመጣ ተስፋ የለም። ይህ ጣጣ በዋናነት የሚመለከተው እንደ ማሪዮ ካርት ተጫዋቾችን እርስ በርስ የሚያገናኙትን ነው። ፎርትናይት ሁሉንም በራሱ ሰርቨር ስለሚያስተናግድ ፊደሉ ብዙም አያስጨንቀውም።

መብራት ሲሄድ ስዊቹ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል። ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለውን ትንሽ ሳጥን እመክራለሁ። ትልቁን የኮምፒውተር ዩፒኤስ አትግዙ፣ ለአንድ ራውተር ብክነት ነው። ስትሄዱ የራውተሩን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጀርባው ላይ 12 ቮልት ወይም 9 ቮልት ብሎ ይጽፋል፣ አምፔሩንም ይጽፋል። ሚኒ ዩፒኤሱ ያንኑ የሚያወጣ መሆን አለበት። ፋይበር ከሆነ የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ አዳፕተር ሊኖራቸው ስለሚችል ሁለት መውጫ ያለውን ጠይቁ።

ሆትስፖት

ለጨዋታ ስልኩን ያስቀደምኩት ዳታው ትንሽ ስለሆነና መስመሩን ከቤተሰቡ ጋር ስለማትጋሩ ነው። ጥሩ የ4ጂ ሽፋን ያለበት ቦታ ከተቀመጣችሁ ይበቃል፤ 5ጂ ግዴታ አይደለም። ፎርትናይት ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ የሰርቨሩን አካባቢ ምረጡ። የመካከለኛው ምሥራቅንና የአውሮፓን ፒንግ አወዳድሩ፣ ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ፓኬጅ የሚጨርስባችሁ ጨዋታው አይደለም። ከጀርባ ሆኖ ራሱን የሚያዘምነው ነገር ነው። ስዊቹ ሆትስፖት አገኘ ማለት ለእሱ ዋይፋይ አገኘ ማለት ነው፣ የማን ብር እንደሆነ አያውቅም። የአንድ ጌም ማሻሻያ ብቻውን የሳምንት ፓኬጅ ጠራርጎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ጌሞች ራሳቸውን እንዲያዘምኑ የሚያደርገውን አጥፉት። ስቲም ዴክም ላይ ማዘመኛ ሰዓት መወሰን ይቻላል፣ ሌሊት አድርጉት።

አይፎን 12 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ሆትስፖታቸውን በ5 ጊጋኸርዝ ነው የሚለቁት። የቆየ ጌም ይህን አያየውም። የሆትስፖቱ ገጽ ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን አብሩት፣ ወደ 2.4 ይወርዳል። ጌሙ ስልኩን እስኪያገኘው ድረስም ከዚያ ገጽ አትውጡ። አንድሮይድ ላይ ሞገዱን ራሳችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

ስልካችሁን ማሞቅና ባትሪውን መጨረስ ካልፈለጋችሁ በኪስ የሚያዘው ማይፋይ አለ። ሲም ይገባበታል፣ የራሱ ባትሪ አለው። ለልጆች ከሆነ የምመክረው ይሄንን ነው። ስልካችሁ እናንተ ጋ ይቆያል፣ ፓኬጁም ሲያልቅ ያልቃል፤ ጭቅጭቅ የለም።

ካፌና ሆቴል

ካፌ ዋይፋይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፓስወርዱ ደረሰኝ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የተጻፈበት ነው። እሱ ቀላል ነው፣ ማንኛውም ጌም ይገባበታል። ሁለተኛው ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ነገር ግን ገጽ ይከፍትና ስልክ ቁጥር አስገቡ ይላል። ጌም ይዘው የሚሄዱ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው።

ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ስዊቹ ኔትወርኩን አገኘው፣ መመዝገብ ያስፈልጋል አለኝ፣ ገጹንም ከፈተልኝ። ቁጥሬን በስክሪኑ እየነካሁ ጻፍኩ። ኮዱ በቴክስት መጣ፣ አስገባሁ፣ ገባሁ። እስክሪብቶ የምታህል አንቴና ያለችው ራውተር ካሸሯ ጋ ነበረች፤ አስተናጋጁም ገብቶት «እዚያ ቢቀመጡ ይሻላል» ብሎ ጠቆመኝ። ሁሉም ደህና ነበር። ማኪያቶው ሳያልቅ የተሰጠኝ ጊዜ አለቀ። እንደገና ልመዝገብ ስል በዚህ ቁጥር ዛሬ ተጠቅመዋል አለኝ። የጀመርኩት ማውረድ ግማሽ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ካፌ ውስጥ የምታደርጉት ትንሽ ነገር ይሁን። አካውንት መክፈት፣ የተቀመጠ ጨዋታን ወደ ክላውድ መላክ፣ ትንሽ ማሻሻያ። ከዚያ በላይ አትድከሙ።

ገጹ አልከፍት ካላችሁ መጀመሪያ የኢንተርኔት ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ አድራሻ የሚፈልግለትን) እዩ። ከዚህ በፊት በእጃችሁ 8.8.8.8 ብላችሁ ሞልታችሁ ከሆነ ወደ አውቶማቲክ መልሱት፤ ብዙ ጊዜ የመመዝገቢያውን ገጽ የሚዘጋው እሱ ነው። ስቲም ዴክ ላይ ገጹ ካልመጣ ወደ ዴስክቶፕ ሞድ ሂዱና በብራውዘር ክፈቱት። ሌላው መላ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ይመዝገብ፣ ከዚያ የዊንዶውስን «ሞባይል ሆትስፖት» አብሩና ጌሙን ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። አንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮችም የያዙትን ዋይፋይ መልሰው ማካፈል ይችላሉ። አይፎን ይህን አይችልም፣ የሚያካፍለው የሲሙን ዳታ ብቻ ነው።

ሆቴል ከሆነ ሪሴፕሽን ጠይቁ። ብዙ ሰው አይጠይቅም እንጂ የአይቲ ሠራተኛ ካላቸው የጌማችሁን ማክ አድራሻ (የዕቃውን የኔትወርክ መለያ ቁጥር) መዝግቦ ያለ ገጽ ሊያስገባችሁ ይችላል። ስዊች ላይ አድራሻው ኢንተርኔት ሴቲንግ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ፕሌይስቴሽን ፖርታልን ለብቻው ላንሳው፣ ሰው ሲገዛው ስለሚሳሳት። ብቻውን የሚሠራ ጌም እየመሰላችሁ አትግዙት፤ ዋና ሥራው ቤት ያለውን ፒኤስ5 በኢንተርኔት ማሳየት ነው። ሶኒ ቢያንስ 5 ሜጋቢት፣ ደህና ለመጫወት 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል። እናንተ ካፌ ብትሆኑም ምስሉን የሚልከው የቤታችሁ መስመር ስለሆነ የመላኪያው ፍጥነት ይወስናል። በስልክ ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት መላኪያው ቀጭን ነው። ፋይበር ከሌላችሁ ተዉት። መመዝገቢያ ገጽ ባለው ዋይፋይ መግባት የቻለውም እ.ኤ.አ. በ2024 በመጣ ማሻሻያ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት አዘምኑት።

የድሮዎቹ

ፒኤስፒ የሚያየው 2.4 ብቻ ነው፣ የሚያውቀው የዋይፋይ መቆለፊያም የድሮው ዳብሊውፒኤ ላይ ይቆማል። ራውተራችሁ «ዳብሊውፒኤ2 ብቻ» ከሆነ አይገባም። «ዳብሊውፒኤ/ዳብሊውፒኤ2» የሚለውን ድብልቅ ምረጡ። አልያዝ ካለ ጎኑ ወይም አናቱ ላይ ያለችውን የዋይፋይ ማብሪያ እዩ፣ ስንቱ ሰው እሷን ረስቶ ራውተር ሲጎረጉር ይውላል። መርካቶ አሮጌ የምትገዙ ደግሞ ሞዴሉን ተመልከቱ። ኢ1000 የሚለው ፒኤስፒ ጭራሽ ዋይፋይ የለውም።

የሶኒው ቪታና የኔንቴንዶው 3ዲኤስም 2.4 ብቻ ናቸው። የ3ዲኤስ ኦንላይን ጨዋታ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ተዘግቷል፣ ከእሱ በፊት የነበረው የዲኤስ ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2014። ለዲኤስ ብላችሁ ራውተራችሁን ዌፕ ወደሚባለው የድሮ መቆለፊያ እንዳታወርዱት፤ ለማንም ሰፈርተኛ በሩን መክፈት ነው። እነዚህን የያዘ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጫወት። በቅርብ ርቀት ጌም ከጌም ሲገናኝ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ስዊችም እንዲሁ።

ዳታ ለመቆጠብ ሌላ ሁለት ነገር። ስቲም ዴክና ኮምፒውተር በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውን ጌም ዴኩ በቤት ኔትወርክ ይቀዳዋል፤ ሁለት ጊዜ አታውርዱ። ስዊች ላይ ደግሞ ጓደኛችሁ ያዘመነውን ማሻሻያ ከሱ ስዊች መውሰድ ይቻላል።

ስለ ክፍያ፦ የኔንቴንዶ ሱቅ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች ብዙ ሰው የአሜሪካ አካውንት ይከፍታል። ዲሲ ያለ ዘመድ ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልካል። የአሜሪካ ካርድ የሚሠራው በአሜሪካ አካውንት ብቻ ነው። ጀርመን ያለችው አክስታችሁ ከምትኖርበት የገዛችው አይገባላችሁም፣ ቀድማችሁ ንገሯት።

ያገለገለ ስዊች የምትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆትስፖታችሁን አብሩና የኔንቴንዶን ሱቅ ክፈቱ። 2124-4007 የሚል ቁጥር ከመጣ ዕቃው ከኔንቴንዶ ኦንላይን ታግዷል፣ ምንም ዋይፋይ አያድነውም። ሻጩ «እዚህ ኔትወርክ አይዝም፣ ቤትህ ሞክረው» ካለ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት በር ድረስ አብሮ ይውጣ። አልወጣም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።