ቪዥላ ወይስ የጀርመን ፖይንተር? ለደብረ ማርቆስ ቤተሰብ የሚስማማው የትኛው ነው?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ማለዳ ማለዳ እንሮጣለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ በእግር እንወጣለን። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ቡችላ ሊያመጣልን ቃል ስለ ገባ፣ ምርጫችን በሁለት የአደን ውሻ ዝርያዎች ላይ ቆሟል፤ አንዱ የሃንጋሪው ቪዥላ፣ ሌላው ፀጉረ አጭሩ የጀርመን ፖይንተር ነው። ሁለቱም ወፍ በማሽተት ፈልገው ቆመው የሚያመለክቱ፣ የተመታውንም ከየብስም ከውኃም አንሥተው የሚያመጡ መሆናቸውን አንብቤአለሁ፤ እኛ ግን አዳኞች አይደለንም። በግቢያችን ዶሮዎች አሉ፤ አብራን የምትኖረው እናቴም ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ደስ አይላትም። የትኛው ይሻለናል?

የእንስሳት ሐኪም (ባሕር ዳር)
ከሩጫው ይልቅ ስለ እናትዎ የጻፉት ምርጫውን የሚወስን ይመስለኛል። ሩጫን በተመለከተ ሁለቱም አያሳፍሩዎትም፤ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት የማያንስ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን አጥንታቸው እስኪጠና፣ ማለትም እስከ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ ረጅም ሩጫ አያስሩጧቸው። ቪዥላ ከሰው እግር ሥር የማይጠፋ ውሻ በመሆኑ፣ ግቢ ውስጥ ብቻውን ታስሮ ከዋለ ሲያላዝንና በር ሲቧጭር ይውላል። በዚያ ላይ ከላይኛው ፀጉሩ ሥር የሚያሞቅ ድርብ ፀጉር የለውም፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የሐምሌን ሌሊት እርስዎ ያውቁታል። የጀርመኑ ድርብ ፀጉር ስላለው ብርዱን በተሻለ ይችላል፤ ይህን ስል ግን ደጅ ይደር ማለቴ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ እንዳያመልጠው። የወጥ ትርፍራፊም አይስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

ከፍኖተ ሰላም
የጀርመኑን አሳድጌአለሁ፤ ከዶሮ ጋር ስለሚኖረው ነገር ልንገርዎ። ዶሮዋ ከጓሮ ብቅ ስትል አንዱን የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ እሷ አቅንቶ እንደ ድንጋይ ይቆማል። ያየው ሁሉ «እንዴት ጨዋ ውሻ ነው!» ይላል፤ ዶሮዋ ክንፏን ያራገበች ዕለት ግን ጨዋነቱ ያበቃል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ቢለማመድ ይሻሻላል እንጂ ፈጽሞ አይተወውም። ቪዥላም ቢሆን ያው የአደን ውሻ ነው፤ ሆኖም ሲቆጡት ቶሎ የሚከፋውና በለስላሳ ቃል የሚታዘዝ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የጀርመኑ ሽታ ከያዘ ስሙንም ይረሳል። ሌላው፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ምግቡን አስቀድመው ያስቡበት፤ ጾሙ ለእኛ እንጂ ለውሻው አልተደነገገም።

አንድ አባት (ዳንግላ)
ልጄ፣ ለምን ያገራችንን ቡችላ አትወስድም ብዬ ነበር፤ የልጆችህን ምኞት ግን አልቃወምም። ውሻው የአደን ነው ብለህ ሚዳቋና ቆቅ እንዳታስባርረው፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። ከአጨዳ በኋላ በገለባው መካከል አሮጌ ጨርቅ እየደበቃችሁ አስፈልጉት፤ አፍንጫው ሥራ ካገኘ ይደክማል። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለና ደጅ አይደር።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴን አማከርኋት፤ የጸሎት ቦታዋ ካለበት ክፍል እስካልገባ ድረስ፣ ማታ ማታ ማድ ቤቱ ውስጥ በሩ ተዘግቶ ቢያድር ፈቅዳለች። ቪዥላን ከሰው ነጥሎ ማድ ቤት ማሳደር ግፍ ስለሚሆን የጀርመኑን መርጠናል። ዶሮዎቹን ቡችላው ሳይመጣ በሽቦ ላጥርላቸው ነው፤ ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?

ከፍኖተ ሰላም
ከሁለት ሜትር አይነስ፤ ይቆፍራልና የታችኛውን ጫፍም መሬት ውስጥ ቅበሩት።