መጫወት ያቆመ ልጅ በቤዝቦል እንጀራ ያገኛል? ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ (የሜሪላንድ አባት)፦ ሰላም ወገኖች። ልጄ 22 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነበር፤ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ካደረገ በኋላ ግን ውርወራው እንደ ድሮው አልሆን አለው። አሁን ሊመረቅ ነው፤ "ፕሌየር ዴቨሎፕመንት እገባለሁ" ይለኛል። እኔ ቤዝቦል በሱ ነው የማውቀው። ይሄ እውነት ሥራ ነው ወይስ ከጨዋታው መለየት አቅቶት ነው? ልቡን ሳልሰብር ምን ልበለው?

እህት ከቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ ሥራ ነው። እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው ሊግ) ክለብ ከሥሩ 4 የማይነር ሊግ፣ ማለትም ተጫዋች የሚያሳድግበት፣ ቡድን አለው፤ በ30 ክለብ 120 ማለት ነው። እዚያ ያሉትን ልጆች ለዋናው ቡድን የሚያበቃው ክፍል ነው እንዲህ የሚባለው። አሰልጣኝ፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ የምግብ ባለሙያ ሁሉ አለበት።

የዶጀርስ ደጋፊ፦ ጌብ ካፕለርን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1995 ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን ዙር በዙር ሲመርጡ ዲትሮይት ታይገርስ የወሰደው በ57ኛው ዙር ነው። ዛሬ ምርጫው 20 ዙር ብቻ ስለሆነ ስሙም አይጠራም ነበር! እሱ ግን 12 ሲዝን ሜጀር ሊግ ተጫወተ፣ በ2004 ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ዋንጫ አነሳ። በ2007 ጫማውን ሰቅሎ የሬድ ሶክስን ታዳጊዎች ግሪንቪል ላይ አሠለጠነ፤ መጫወት ናፍቆት ደግሞ ተመለሰ። በ2014 መጨረሻ ዶጀርስ የፕሌየር ዴቨሎፕመንት ዳይሬክተር አደረገው፤ የታዳጊዎቹን ምግብ ሳይቀር አስተካከለ። ኋላ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስን ለ107 ድል አበቃ። ማንም ያልቆጠረው ልጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ።

ወጣቱ አሰልጣኝ፦ ጋሼ፣ ካፕለር ስም ይዞ ነው የገባው፤ የእርስዎ ልጅ ከታች ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ውሉም ብዙ ጊዜ ለአንድ ሲዝን ነው። ራፕሶዶና ትራክማን የሚባሉትን የኳስ መለኪያዎች ማንበብ ይልመድ። ስፓኒሽ ይማር፣ ከዶሚኒካንና ከቬኔዝዌላ የሚመጡት ልጆች ብዙ ናቸው። በበጋው ቤተስዳ ቢግ ትሬይን የሚባለው የሜሪላንድ ቡድን ዘንድ የኮሌጅ ልጆች ይጫወታሉ፤ ሄዶ "ልርዳችሁ" ይበል። ክርኑንም አይደብቀው። ከጉዳት የሚያገግም ፒቸር በሌሊት ምን እንደሚያስብ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ክርኑ ያልከውን ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና "ድጋሚ አንብበው" አለኝ። ቤተስዳ አብሬው እሄዳለሁ።