የድሃ ልጅ ሳይንስ እንዲማር ገንዘቡ የት ይዋል? ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ወይስ ተራው ትምህርት ቤት?

ጥያቄውን ያነሳው
ጤና ይስጥልን ወገኖች። በ2014 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ደስ ይላል። ግን በ2016 ብቻ 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን አብዛኛውን ተማሪያቸውን ያሳልፋሉ። ስለዚህ የእኔ አቋም አዳሪዎቹ ይብዙ ነው። በየወረዳው ጎበዝ የድሃ ልጅ አለ። ጥሩ መምህር፣ መብራት፣ መጽሐፍና ጠግቦ የሚበላው ብንሰጠው ሐኪምም መሐንዲስም ይሆናል። ያለችንን ጥቂት ብር ለሁሉም ስንበትናት ለማንም ሳትደርስ ትቀራለች።

የፊዚክስ መምህር፣ ገጠር ሁለተኛ ደረጃ
ወንድሜ፣ እኔ አልስማማም። አዳሪዎቹ መጀመሪያውኑ ጎበዙን መርጠው ነው የሚወስዱት። የቀሩት እኔ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ከሰባ በላይ ሆነው።

ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለን። ተሰባባሪ ወንበር ተቆልፎበታል። ኬሚካሉ ጊዜው አልፏል፤ የቤተ ሙከራ ባለሙያም አልተቀጠረም። ተማሪው ስለ ኤሌክትሪክ ቀመሩን ይሸመድዳል እንጂ ሽቦ ነክቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል ከገበያ ገዝቼ ገባሁ። በአንድ ባትሪ ድንጋይ አበራሁት፤ ከዚያ ሁለት አድርጌ ቀጠልኳቸው። አምፖሉ ደመቀ። ለምን እንደደመቀ ስጠይቅ የመለሰችልኝ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማኋት፣ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ቮልቴጁ ስለጨመረ ነው አለች። ያቺ ልጅ ለአዳሪ መምረጫ ፈተና ብትቀመጥ አታልፍም ነበር። እንዲህ ዓይነቶቹን ማን ይፈልጋቸው?

አዳሪ የተማረች
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለተማሪዎችዎ ያለዎት ፍቅር ይታያል። ግን ባትሪ ድንጋዩን ካየች በኋላ ልጅቷ ወዴት ሄደች? እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ውኃ እቀዳ፣ እንጨት እለቅም፣ ታናናሾቼን እይዝ ነበር። ደብተር የምገልጠው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በኩራዝ ነበር። አዳሪ ስገባ ከሁሉም በላይ ያገኘሁት ጊዜ ነው። ለማጥናት ማንንም አላስፈቅድም ነበር። ወንድሞቼ ይህን ቤታቸውም ያገኙት ነበር፤ እኔ ግን ከቤት ካልወጣሁ አላገኘውም።

የአዲስ አበባ እናት
እዚህም ያው ነው። አቅም ያለው ለልጁ የሒሳብና የኬሚስትሪ አስጠኚ ቤቱ ድረስ ያስመጣል። እኔ አልቻልኩም። ፈተናው ግን ለሁለቱም ልጆች አንድ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህርት
የዘለላችሁት ነገር አለ። በአንዳንድ ክልሎች ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ክረምቱ አልፎ ዘጠነኛ ሲገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ጥናት ስምንት ዓመት ሙሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በስምንተኛ ክፍል የሳይንስና የሒሳብ ምዘና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። የከተማው ልጅ እንግሊዝኛውን ከግል ትምህርት ቤትና ከስልኩ ይለቅማል። የገጠሩ ልጅ ፊዚክሱን ከመጀመሩ በፊት በቋንቋው ይወድቃል። ፕላዝማ፣ ማለትም በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ የመጣ ጊዜ ያየነው ይህንን ነው፤ በቴሌቪዥኑ ያለው መምህር በፍጥነት ይሄድ ነበር፣ ልጁ ጥያቄውን እንኳ አንብቦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣ ነበር።

ጥያቄውን ያነሳው
ታዲያ ዘጠነኛም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ነው የምትዪው? ዩኒቨርሲቲ ሲገባስ?

የእንግሊዝኛ መምህርት
እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። ከሰባተኛ ጀምሮ የሳይንስ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ይማር። ዘጠነኛ ላይም መምህሩ በልጁ ቋንቋ ቢያስረዳ እንደ ጥፋት አይቆጠርበት።

የፊዚክስ መምህር
እኔ እንደዚያ ነው የማስተምረው፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ እመለሳለሁ። ካልሆነማ ማን ይገባዋል? የእህታችንን ነገርም አልክድም፤ ጊዜ የሌላት ልጅ አታጠናም። ግን ለጊዜ ሲባል ሌላ ከተማ መሄድ የለባትም። እኛው ግቢ ውስጥ ከሩቅ ለሚመጡ ሴቶች ማደሪያ ይሠራ፣ የማታ ጥናት በመብራት ይኑር። አንድ ሙሉ አዳሪ ትምህርት ቤት ከመገንባት በጣም ይረክሳል።

አዳሪ የተማረች
ማደሪያውን እደግፋለሁ። ግን ጥበቃ ያስፈልገዋል፣ ሴት ኃላፊ ያስፈልገዋል፣ ምግብ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሳይሟሉ አባቴ አይልከኝም ነበር። እስከዚያው ያሉት አዳሪዎች እንዳይነኩ።

ጥያቄውን ያነሳው
እኔ አሁንም ቅድሚያ ለአዳሪዎቹ ነው የምለው። ከመንግሥት በጀት እየተመደበላቸው ግን በራቸውን መዝጋት የለባቸውም። ክረምት ላይ ቤተ ሙከራቸውን ለአካባቢው ልጆች ይክፈቱ። መምህር፣ የእርስዎን ተማሪዎች ቢጠሩ ይልኳቸዋል?

የፊዚክስ መምህር
እኔው ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ። የትራንስፖርቱን ነገር ወረዳው ይመልስልን።