የሙከራ ጊዜዬ ሊያበቃ 8 የሥራ ቀን ቀርቶታል፤ አለቃዬን እንዴት ልጠይቅ?

በአንድ የግል ፋብሪካ በንብረት ክፍል ተቀጥሬ ዛሬ 52ኛ የሥራ ቀኔ ሲሆን፣ በውሌ ላይ የሰፈረው የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀናት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ካልሆንኩ ያለማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ካሳ ሳይከፈለኝ ልሰናበት እንደምችል፣ ጊዜው አልፎ ሥራዬን ከቀጠልኩ ግን ውሉ ከሙከራው መጀመሪያ አንስቶ እንደተመሠረተ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። የቸገረኝ ሕጉ ሳይሆን የአለቃዬ ዝምታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቆጠራ ስናደርግ በስቶክ ካርዱና በመደርደሪያው መካከል የ14 ካርቶን ልዩነት ተገኘ። ጉድለቱ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተፈጠረ መሆኑን በወጪ ሰነዶቹ ባሳይም፣ አለቃዬ ወረቀቶቹን ተቀብለው «እናየዋለን» ከማለት በቀር ምንም አልመለሱልኝም፤ ይህች ቃል ደግሞ በእኛ ቤት እሺም እምቢም ልትሆን ትችላለች። በዚህ መሃል የቀድሞ አሠሪዬ ልመለስ ከፈለግሁ እስከ ዓርብ እንዳሳውቀው ነግሮኛል።

«ቋሚ እሆናለሁ ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ በራሴ የማልተማመን ያስመስለኝ ይሆን ብዬ ስለፈራሁ፣ የሥራ አፈጻጸም ግምገማዬ ከ60ኛው ቀን በፊት እንዲነገረኝ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍል ለመጻፍ አስቤ ነበር። ሆኖም አለቃዬን ዘልዬ እንደሄድኩ ይቆጠርብኛል ብዬ እስካሁን አላስገባሁትም። በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያላችሁ ወይም ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ በቃል ልጀምር ወይስ በጽሑፍ፣ የቀረበልኝን ሌላ ሥራስ ልጥቀስ ወይስ ልተወው? እስከ ሐሙስ ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።