ካርታሄና፦ በአስጎብኚ ወይስ በራሴ? ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለኝ

ቀይ ሻንጣ፦

ሰላም ወገኖች። ለሥራ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ እሄዳለሁ። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ቀን ትተርፈኛለች፤ እሷን የባሕር ዳር ከተማዋ ካርታሄና ላሳልፋት ወስኛለሁ። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ስለዚህ «ሜደሊን ይሻልሽ ነበር» የምትሉ ካላችሁ ለራሳችሁ ያዙት።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። በእግር የሚያስጎበኙ ሰዎች ሞልተዋል። «ነጻ» የሚባል አለ፣ መጨረሻ ላይ የፈለግሽውን ጉርሻ ትሰጫለሽ። ቀድመው የሚከፍሉበትም አለ። አንዱ በግንቡ ውስጥ ያለውን አሮጌ ከተማ ያዞራል። ሌላው ጌቴሴማኒ የሚባል ሰፈር ይወስዳል። (አዎ፣ ስሙ እንደዚያው ነው። እኔም ሳየው ደንገጥ ብያለሁ።) ሁለቱንም ልያዝ? አንዱን? ወይስ ስልኬን ይዤ ራሴ ልዙር? ስፓኒሽ አልችልም፣ «ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) ላይ ያልቅብኛል። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ሙቀት ግን አልችልም። ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ጉዞ መሀል ሽንት ቤት እንዴት ይደረጋል? አትሳቁ።

ፈጣን እርምጃ፦

አስጎብኚ አያስፈልግሽም። በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ ትንሽ ነው። ከሰዓት ማማው በር ጀምሪ፣ ደስ ያለሽ መንገድ ግቢ፣ ብትጠፊም ግንቡ ይመልስሻል። ሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ ላይ የኮሎምቢያዊውን ቀራጺ የቦቴሮን ወፍራም የነሐስ ሴት ታገኛለሽ፤ ሰው ሁሉ ስለሚነካት አንዳንድ ቦታዋ ያብረቀርቃል። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ግንቡ ላይ ወጥተሽ ጀንበሯን ሸኚ። አለቀ። እኔ በአንድ ከሰዓት ጨርሼዋለሁ።

አባ መንገድ፦

ወንድሜ ፈጣን እርምጃ፣ ምኑን ነው የጨረስከው?

እህቴ ቀይ ሻንጣ፣ እኔ ሁለቱንም አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀን «ነጻ» የተባለው ውስጥ ገባሁ። አርባ ሰው ይሆናል። አስጎብኚው ባለ ቀለም ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ወገቡ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሯል። የጀመርነው ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ካርታሄና ውስጥ በ5 ሰዓት በእግር መውጣት ራስን መቅጣት ነው፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ያልፋል፣ እርጥበቱ ደግሞ ሸሚዝሽን ጀርባሽ ላይ ይለጥፈዋል። ልክ በሰዓት ማማው በር እንደገባሽ ፕላሳ ዴ ሎስ ኮቼስ፣ የሠረገሎች አደባባይ የሚሉት አለ። ባለ ሦስት ማዕዘን ነገር ነው፣ ዳሩ ላይ በቅስት የተሸፈነ መተላለፊያ አለው፣ እዚያ ሥር ሴቶች የኮኮናት ጣፋጭ ይሸጣሉ። ሰውየው ስለ ጣፋጩ አሥር ደቂቃ አወራ። አቀመሰን። ጣፋጩ ይጥማል፣ አልዋሽም። መሀል ላይ የቆመው ሐውልት ከተማዋን በ1533 (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) የመሠረተው ፔድሮ ዴ ኤሬዲያ መሆኑን ነገረን። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ፊት።

በማግስቱ ከስድስት ሰው ጋር ሌላ ጉዞ ያዝኩ። የሚከፈልበት ነው። አስጎብኚዋ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ጥቁር ሴት፣ ተወልዳ ያደገችው ጌቴሴማኒ ነው። የተነሳነው በጠዋት 2 ሰዓት። እሷም መጀመሪያ ያመጣችን እዚያው አደባባይ ነው። ዝም ብላ ቆመች። ጣፋጭ ሻጮቹ ገና ዕቃቸውን እየዘረጉ ነበር። «አሁን የቆማችሁት የባሪያ ገበያው ላይ ነው» አለች።

እኔ ትናንት እዚያችው ቦታ ላይ ቆሜ ኮኮናት ስቆረጥም ነበር።

ከአፍሪካ በመርከብ የተጫኑ ሰዎች በዚህች ወደብ ወርደው እዚህ ይሸጡ ነበር። ስፔን በደቡብ አሜሪካ ለነበራት ግዛት ካርታሄና ዋነኛዋ የባሪያ መግቢያ በር ነበረች። ያ ሁሉ በአበባ የተሸፈነ ሰገነት፣ ያ ሁሉ ግንብ፣ ያለዚህ ገበያ አይነገርም። ባለ ጃንጥላው ሰው ሳያውቀው ቀርቶ አይመስለኝም። ሰው እየላሰ ሳለ መናገር ከብዶት ይሆናል።

ከዚያ ትንሽ ሄደን ሳን ፔድሮ ክላቬር ቤተ ክርስቲያን ገባን። እዚህ ጋ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ለእኛ ሰው የሚሆን ነገር አለው።

ክላቬር ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነ ስፔናዊ ካህን ነው። በ1610 ካርታሄና መጣ፣ በ1654 እዚያው ሞተ። መርከብ በደረሰ ቁጥር ውኃና ምግብ ይዞ ታች፣ ሰው የታጨቀበት ክፍል ድረስ ይወርድ ነበር። በ1888 ቅዱስ ተባለ። አጽሙ ከዋናው መንበር ሥር በመስታወት ውስጥ ነው፣ የራስ ቅሉ ይታያል። በ1622 የመጨረሻ መሐላውን ሲፈጽም በላቲን የፈረመው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ፔትሩስ ክላቬር፣ ኤቲዮፑም ሴምፐር ሴርቩስ»። ጴጥሮስ ክላቬር፣ ለዘላለም የኢትዮጵያውያን ባሪያ።

አስጎብኚዋ ስትለው ጆሮዬን አላመንኩትም። «ድገሚልኝ» አልኳት። የዚያ ዘመን ላቲን ጥቁርን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ይል ስለነበር ነው እንጂ በመርከቦቹ የሚመጡት ከጊኒ ዳርቻና ከአንጎላ ወገን ነበሩ። አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ስምሽ በመሐላ ውስጥ ሲጠራ ልብሽን አንድ ነገር ያደርገዋል።

ሴትዮዋ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም፤ የወደድኩላትም ለዚህ ነው። ክላቬር የአፍሪካ ቋንቋዎችን አይችልም ነበር፣ የሚያስተረጉሙለት አፍሪካውያን ነበሩ። አስተርጓሚዎቹ ራሳቸው ባሪያዎች ነበሩ፤ ባለቤታቸው ደግሞ የእሱው ማኅበር ኮሌጅ ነው። ይኼን ስትናገር ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገችም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት አውሮፓዊት ፊቷን አዞረች።

ስትወጪ የግድግዳውን ድንጋይ ጠጋ ብለሽ እዪው። በእጅሽም ዳብሺው። ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። የአንጎል እጥፋት የሚመስል ቅርጽ አለው፣ መሀሉ ላይ የዛጎል ስብርባሪ ተሰክቶ ታገኛለሽ፣ ጠርዙ ጣት ይቧጭራል። የከተማዋም ግንብ አብዛኛው እንዲህ ነው። በ1586 እንግሊዛዊው የባሕር ዘራፊ ድሬክ ከተማዋን ይዞ ወርቅ ካስከፈላቸው በኋላ ነው ስፔኖቹ ነገሩ የገባቸው፤ ግንቡን ሲገነቡና ሲጠግኑ ሁለት መቶ ዓመት ፈጀባቸው። ድንጋዩን ማን እንደቆረጠው አስቢው። ይኼን ስልክሽ አይነግርሽም። ማለቴ፣ ይነግርሽ ይሆናል፤ ግን ጣትሽን ግድግዳው ላይ አያስቀምጥልሽም።

ጌቴሴማኒን ለከሰዓት አቆዪው። ከግንቡ ከተማ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የእጅ ባለሙያዎችና ነጻ የወጡ ጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ ፔድሮ ሮሜሮ የሚባል ክልስ አንጥረኛ የሰፈሩን ሰው አስከትሎ ኅዳር ወር፣ በእነሱ ኖቬምበር 11 ቀን 1811 ወደ መሀል ከተማ ገባና የነጻነት አዋጁን አስፈረመ። ሐውልቱ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። ሰፈሩ ጌቴሴማኒ፣ አደባባዩ ሥላሴ፣ ቤትሽ ያለሽ ይመስልሻል። ሲመሽ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ አሮጊቶች ወንበር አውጥተው በር ላይ ይቀመጣሉ። ወንበር የሚያወጡት ግን እያነሱ ነው። ኪራዩ ሰማይ ነክቶ ብዙው ቤት ሆቴልና ካፌ ሆኗል። አስጎብኚዋ በአንድ ጠባብ መንገድ ስንሄድ በጣቷ እየጠቆመች «እዚህ አክስቴ ነበረች፣ እዚህ ልብስ ሰፊው ነበር» ትል ነበር። አሁን ሁለቱም አይስክሬም ይሸጣሉ።

ስለዚህ መልሴ፦ አንድ ያዢ፣ ትንሽ ቡድን፣ በጠዋት፣ የሰፈሩ ተወላጅ የሚመራው። የቀረውን በራስሽ ዙሪ።

ካሪቢያን ነፋስ፦

አባ መንገድ ከተማዋን ለቅሶ ቤት አደረጋት እኮ! እኔ ደግሞ የሳቅሁበትን ልጨምር።

ሳን ዲየጎ የሚባለውን የግንቡ ውስጥ ሰፈር አትዝለዪ። ጸጥ ይላል። መንገዶቹ በየማዕዘኑ ስም ይቀይራሉ፤ አንዱ ቱምባሙዌርቶስ ይባላል፣ «ሬሳ ጣይ» እንደማለት ነው። መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለነበር አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች እየጣሉት ነው አሉን። «አሉን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እዚያ አስጎብኚ ሁሉ ተረት ያውቃል። በሮቹ ላይ ያሉ የነሐስ ማንኳኪያዎችን ታያለሽ፦ እንሽላሊት ከሆነ የመኳንንት ቤት፣ አንበሳ የጦር ሰው፣ ዓሣ የባሕር ነጋዴ። ከነገሩን በኋላ አንድ በር ላይ እንሽላሊት አይቼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። በሩ ተከፈተ፣ የምስማር መሸጫ ሱቅ ነው።

ባለ ቀለም ቀሚስ ለብሰው ፍራፍሬ በጭንቅላታቸው የሚሸከሙት ሴቶች ፓሌንኬራ ይባላሉ። ፎቶ ካነሳሻቸው ይከፈላል፤ ዋጋውን ቀድመሽ ተስማሚ እንጂ አትደንግጪ፣ ሥራቸው ነው። ስማቸው የመጣው ከሳን ባሲሊዮ ደ ፓሌንኬ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የቆረቆሩት መንደር ነው፤ እስካሁን ስፓኒሽና የኮንጎ ቋንቋ የተቀላቀለበት የራሳቸው መነጋገሪያ አላቸው። ለሁለት ቀን ጉዞሽ ግን ጊዜ አይበቃሽም። የራፕ ልጆች ደግሞ ስለ ልብስሽ ግጥም እየገጠሙ ይከተሉሻል። ካልፈለግሽ ገና በመጀመሪያው ቃል «ኖ ግራሲያስ»። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከደረሱ ከፍለሻል።

ሳን ፌሊፔ ምሽግ የምትሄጂ ከሆነ በር ሲከፈት ሂጂ። ጥላ የለም። ዋሻዎቹ ውስጥ ግን ይቀዘቅዛል።

ቀይ ሻንጣ፦

አባ መንገድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ መሐላው ያልከውን ለእናቴ አንብቤላት «በይ ሂጂ፣ እሱን ሳታዪ እንዳትመለሺ» ብላኛለች። ጉርሻ ምን ያህል ነው ወጉ? የሚከፈልበትም ላይ ይሰጣል?

አባ መንገድ፦

ነጻ በተባለው ላይ እኔ 50 ሺህ ፔሶ ሰጠሁ። ሐምራዊዋ ኖት ናት፣ ደራሲው ጋርሲያ ማርኬዝ ፊቱ ያለባት። (የራሱም አመድ እዚያው ካርታሄና፣ ላ መርሴድ የሚባል የድሮ ገዳም ግቢ ውስጥ ነው፤ በሩ ክፍት ከሆነ ግቢ።) ነጻ ነው ተብሎ ምንም ሳይሰጡ መሄድ ነውር ነው፤ የሰውየው ደሞዝ እሱ ነው። የሚከፈልበት ላይ ግዴታ የለም፣ ደስ ካለሽ ስጪ። ዘርዝረሽ ያዢ።

ፈጣን እርምጃ፦

እሺ፣ የባሪያ ገበያ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔም ኮኮናት በልቻለሁ።

ቀይ ሻንጣ፦

ተመለስኩ! ቃል የገባሁትን ሪፖርት ላቅርብ።

ጌቴሴማኒ የተወለደ ወጣት አስጎብኚ አገኘሁ፣ አምስት ሰው ነበርን። ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ተነሳን፣ 4 ሰዓት ሲሆን እኔ ቀልጬ ነበር። ክላቬር ጋ ስንደርስ መሐላውን ራሱ አነሳው። «ኤቲዮፑም» ሲል እጄን አወጣሁ፣ ልክ እንደ ተማሪ። «እኔ ከዚያ ነኝ» አልኩት። አልገባውም። ፓስፖርቴን አወጣሁ። ልጁ ሽፋኑን ዝም ብሎ አየው። ይኼን ቃል በየቀኑ እንደሚናገረውና ኢትዮጵያዊ ሲመጣበት የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ «አሁን ምን ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አላወቅኩም። ሁለታችንም ሳቅን። ሲያልቅ ሥላሴ አደባባይ ላይ ገና ያልበሰለ ማንጎ በጨውና በሎሚ ገዛልኝ፣ ጉርሻዬን ግን አልመለሰም፣ ደግ አደረገ።

ኮራሉን ዳበስኩት። ይቧጭራል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ስለ ሽንት ቤት ጠይቄ አንድም ሰው አልመለሰልኝም! ከእኔ በኋላ ለምትሄዱ፦ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ካፌ ግቡ፣ ቡና እዘዙ፣ ተጠቀሙ። መሀል ላይ ከመጣባችሁ አስጎብኚውን በጆሮው ንገሩት፣ የሚያውቀው በር አያጣም። የእኔው ልጅ አክስቱ ቤት ነው የወሰደኝ።