ለስላሳ ላይ ታክስ ይጨመር ወይስ አይጨመር? የድሬ ልጆች ክርክር

የከዚራው፦ ያ ጀመዓ በርጫ ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ተበተንን፣ እዚሁ እንጨርሰው። ስኳር በሽታና ውፍረት በዛ፣ ታዲያ ለስላሳ ላይ ታክስ ይጨመር ወይስ ይቅር ነው ነገሩ። እኔ ይጨመር ባይ ነኝ ግን አሁን ባለው መልኩ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ለስላሳ ላይ 25 ፐርሰንት ጥሏል፣ የሚሰላው በዋጋው ስለሆነ ግን ስኳሩ በዛ አነሰ አያይም። አንድ 330 ሚሊ ቆርቆሮ ኮካ 35 ግራም ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል 25 አካባቢ እንዲቆም ነው። እኛ አንድ በርጫ ላይ ሁለት ኮካ ከዛ ስኳሩ ከብርጭቆው ስር የተከመረ ሻይ፣ ደምሩት እስቲ

ባለሱቁ፣ ገንደ ቆሬ፦ ወንድሜ ሀሳብህ ገብቶኛል ግን ይሄን ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ይንገርህ። ለስላሳ ሲወደድ ልጆቹ ውሃ አይገዙም፣ ወደ ዱቄት ጁስ ነው የሚሄዱት፣ ወይ በኮንትሮባንድ የገባውን ያነሳሉ እሱ ደሞ ታክስም የለው ምን እንዳለበትም አይታወቅ። ዴንማርክ በፈረንጆቹ 2011 ቅባት ላይ ታክስ ጣለች፣ ሰዉ ድንበር እየተሻገረ ጀርመን መሸመት ሲጀምር ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ አነሳችው። የኮንትሮባንድ ዕቃ በሚሸጥበት በኛው ታይዋን ገበያ ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ደግሞስ የሚመታው ማነው? ሀብታሙ አይሰማውም፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነው

ነርሷ፣ ሳቢያን፦ የደሀው ነገር እኔንም ያሳስበኛል ወንድምዬ፣ ግን ደሀው ዛሬም እየከፈለ ነው። እኛ ጋ እግሩ ቆስሎ አልድን ብሎት የሚመጣ ሰው አለ፣ ስኳር እንዳለበት የሚሰማው የዛን ቀን ነው። ከዛ ኢንሱሊን፣ ከዛ የደም ስኳር መለኪያዋ ስትሪፕ፣ ስትሪፗ ስታልቅ ሳይለካ በግምት ይወጋል፣ ይዛው የምትመጣው ልጁ ጉሊቷን ዘግታ ነው። ይሄ ሁሉ ለስላሳው ሲሸጥ ዋጋው ውስጥ የለም፣ ኋላ ቤተሰቡ ላይ ነው የሚወድቀው። ሜክሲኮ በፈረንጆቹ 2014 ለስላሳ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ስትጥል በመጀመሪያው ዓመት ግዢው 6 ፐርሰንት ገደማ ቀነሰ፣ ከሁሉ በላይ የቀነሱት ደሞ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ደሀውን ጎዳው ስትሉ ያተረፈለትንም ቁጠሩለት

የከዚራው፦ ለዛ እኮ ነው ታክሱ በዋጋው ሳይሆን በስኳሩ ግራም ይሁን የምለው። እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2018 በ100 ሚሊ 5 ግራም ስኳርና ከዛ በላይ ያለውን አስከፈለች፣ 8 ከደረሰ የበለጠ፣ ከ5 በታች ነፃ። ብዙ ፋብሪካ ታክሱ ገና ሳይጀምር ስኳሩን ቀነሰ። ባጃጅ ነጂው ልማዱን ሳይተው የሚጠጣው ስኳር አነሰለት ማለት ነው። የፈረንጅ ነገር እንዳትሉኝ ደቡብ አፍሪካም በዛው ዓመት ከ4 ግራም በላይ ባለው ላይ በግራም ጥላለች

የመጋላዋ እናት፦ ልጆቼ ውሃውን ረሳችሁት። የድሬ ውሃ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ነው፣ እሱም ሲመጣ አይደል። በዚህ ሙቀት ልጅ ጠምቶት ሱቅ ሲገባ ፍሪጅ ሙሉ ለስላሳ ነው የሚያየው፣ ምን ይጠጣ? የምትሰበስቡት ብር ለቧንቧ ይዋል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጠጣ ንፁህ ውሃ ይግባ፣ ያኔ ደጋፊ ነኝ። ካዝና ገብቶ የሚቀር ከሆነ ግን የለሁበትም

ባለሱቁ፣ ገንደ ቆሬ፦ እውነት ብለዋል እማማ። በግራም ከሆነ እኔም አልቃወምም፣ ግን በኮንትሮባንድ የሚገባውን ግራሙን ማን ይለካዋል? እሱን እስክትመልሱልኝ ድምፄን አትቁጠሩት