ለትናንሽ ፈረሶች ጊዜያዊ ልባብ፦ የትኛው ገመድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ባዝራ (ጅረን፣ ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሐሙስ ገበያ ከደዶ የወረዱ ሁለት ባዝራዎች ገዝቷል። ድንክ ከሚባሉት ናቸው፣ ቁመታቸው አጭር ነው። የቆዳ ልባብ አዘናል፤ ሠሪው ግን ሥራ በዝቶበት ሁለት ሳምንት ጠብቁ ብሎናል። እስከዚያ እጃችን ላይ ያለው አብሯቸው የመጣው ሰማያዊ ናይሎን ብቻ ነው። እሱም የአንዷን አፍንጫ ልጦታል። ሁለተኛዋ ደግሞ ስትታሰር ወደ ኋላ እየተለጠጠች ትጎትታለች። ጎረቤታችን የጋሪ ፈረሱን አሮጌ ልባብ ላውሳችሁ ብሎናል። ምን እንጠቀም? ሌሊትስ ልባቡ ይደር ወይስ ይውለቅ? ግቢያችን አጥር አለው፣ ከበሩ ውጭ ግን ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ ነው።

ጋሪ ነጂ (ሂርማታ)

ወንድሜ፣ ናይሎኑን አትጣለው። የምትጎትተዋን ወፍራም ግንድ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰራት። አንዴ በጥሳ ከሄደች መበጠስ ትለምድና ከዚያ በኋላ ማንም አያቆማትም። ሁለት ቀን ታግላ ይወጣላታል።

የእንስሳት ሐኪም

ከውሰቱ ልጀምር፣ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። የጎረቤትህ ደግነት ይመስገን፣ ልባቡን ግን አትቀበል። በጋሪ ፈረሶች ላይ በቆዳ ሥር እንደ ዶቃ ተደርድሮ እያበጠ የሚፈነዳና መግል የሚያወጣ በሽታ አይተህ ይሆናል። የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ሞቅና ረጠብ ያለ አየር ይስማማዋል፣ እንደ ጅማ ባለ ከፍታ በደንብ ይገኛል። ጤነኛ ቆዳን በቀላሉ አያልፍም። የተላጠ ቆዳ ካገኘ ግን በዝንብም፣ ከታመመ ፈረስ በተወሰደ ልባብ ወይም ኮርቻም ይገባል። ያንተዋ ባዝራ አፍንጫዋ ላይ በሩ ተከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ለእያንዳንዷ የራሷ ገመድ ይኑራት፤ የአንዷን ለሌላዋ አታድርግ።

ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ እጠበው፤ ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። የሞተር ዘይትና የባትሪ ውኃ የሚቀቡ አሉ፣ እባክህ አታድርገው። እስኪድን ድረስ በዚያ ቦታ ላይ ምንም ገመድ አይረፍበት። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም በቅርብህ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዳት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፣ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። የአፍንጫው ማሰሪያ ወደ ታች ወርዶ ለስላሳው ቦታ ላይ ካረፈ ሲጎተት ትንፋሹን ያፍነዋል። በጣትህ የጉንጩን አጥንት ተከትለህ ውረድ፤ አጥንቱ ከሚያልቅበት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይረፍ። በማሰሪያውና በአፍንጫው መካከል ሦስት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት።

የሰርቦ ሰው

ጋሪ ነጂ ያለውን አልንቀውም። በጥሶ ማምለጥ የለመደ ፈረስ እውነትም መከራ ነው። ግን የማይበጠስ ገመድ፣ የማይነቃነቅ ግንድና የደነገጠ ፈረስ ሲገናኙ የሚሸነፈው አንገቱ ነው። ፈረስ ከጆሮው ኋላ ጫና ሲሰማው ይበልጥ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ተፈጥሮው ነው። ይወድቃል፣ ይንጠለጠላል። ልጅ አጠገቡ ካለማ አላህ ይጠብቅ።

ስለዚህ ልባቡ ጠንካራ ይሁን፣ ደካማው ቦታ ግን አንተ የመረጥከው ይሁን። ግንዱ ላይ በቀጭን ሲባጎ ትንሽ ቀለበት ሥራና ገመዱን ከግንዱ ጋር ሳይሆን ከዚያ ቀለበት ጋር እሰረው። ሲባጎው በእጅህ ስትስበው የሚችል፣ አንድ ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት የሚበጠስ ይሁን፤ ቀድመህ ሞክረው። ቋጠሮው ጫፉ ሲጎተት ባንዴ የሚፈታ ይሁን። የምታስርበት ከፍታ ከትከሻዋ በታች አይውረድ፣ የገመዱም ርዝመት ከአንድ ክንድ ብዙ አይለፍ። ረጅም ከሆነ እግሯን ታስገባበታለች።

የመንገዱ ነገር ግን ሌላ ነው። በጥሳ ባጃጅና አይሱዙ መሐል ብትገባ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። የሚበጠሰውን ማሰሪያ የምትጠቀመው በሩ ተዘግቶ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ከበር ውጭ ማሰር የለም፤ ሰው ይያዛት። የያዘውም ገመዱን እጁ ላይ አይጠምጥም፣ አጣጥፎ ይጨብጠው።

ለምትጎትተዋ ጥጋቡን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው የምታስለቅቃት። ገመዱን ሳታስር ግንዱን አዙረህ ጫፉን አንተ ያዝ። ስትስብ ትንሽ ልቀቅላት፣ ስትቆም አንተም ቁም። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ከመጣች ወዲያው አላላ።

ባለ ሁለት ባዝራ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙም እንዲሁ። ታዲያ ገመዱ ከምን ይሁን? እዚህ ሱቅ ያለው ናይሎን፣ ቃጫና ከማዳበሪያ ከረጢት የተገመደ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከአሮጌ መኪና ቀበቶ ስፋው ይላል።

የሰርቦ ሰው

የማዳበሪያው እንደ ምላጭ ነው፣ ለጭነት ተወው። ቃጫ በዝናብ ጊዜ ያብጥና ያጥራል፤ ማታ ልክ የነበረው ጠዋት ጠብቆ ታገኘዋለህ፣ ቋጠሮውም አይፈታም። ጅማ ደግሞ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አይነግርህም። ካገኘህ ትንሽ ጣት የሚያህል ለስላሳ የጥጥ ገመድ ግዛ፣ እሱም ከረጠበ አውልቀህ አድርቀው። የመኪና ቀበቶ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ ቆዳ አይቆርጥም። ግን አይበጠስምና ያለ ሲባጎው ቀለበት አትሰርበት። ከመነዳሪ ጎማ እንዳታስብ፦ ተለጥጦ ሲበጠስ ተመልሶ ዓይን ያወጣል።

የአጋሮ ልጅ

ለመምራት ብቻ ከሆነ ስፌትም አያስፈልግም። አራት ሜትር ያህል ገመድ ውሰድ። አንገቷ ላይ ከጆሮዋ ኋላ አዙርና የማይጠብቅ ቀለበት ቋጥር፦ በረጅሙ ገመድ ላይ ትንሽ ዓይን ሥራ፣ አጭሩን ጫፍ ከሥር በዓይኑ አስወጣ፣ ከረጅሙ ኋላ አዙር፣ በዚያው ዓይን መልሰህ አስገባና አጥብቅ። ሸምቀቆ እንዳይሆን ተጠንቀቅ! ስበህ ካየኸው ቀለበቱ መጥበብ የለበትም። ከዚያ ረጅሙን ገመድ አጥፈህ እጥፉን ከአገጯ ሥር በአንገቱ ቀለበት ከኋላ ወደ ፊት አሳልፍና በአፍንጫዋ ላይ አውርድ። ስትስብ አፍንጫው ላይ ይይዛል፣ ስታላላ ይለቃል። በዚህ ግን በፍጹም አታስራት፤ ብትጎትት እየጠበቀ ይሄዳል። አፍንጫዋ ለቆሰለችውም አይሆንም።

የእንስሳት ሐኪም

ለቆሰለችው ሰፋ ያለ ለስላሳ ጨርቅ አንገቷ ላይ በማይጠብቅ ቋጠሮ አድርገህ በእጅህ ምራት። ቀስ ያለች ከሆነች ለውኃና ለድርቆሽ ይበቃታል።

ስለ ሌሊቱ ማንም አልመለሰለትም። ይውለቅ። ፈረስ ጆሮውን በኋላ ሰኮናው ያካል፣ ሰኮናው ልባቡ ውስጥ ከገባ ራሱን ይሰብራል። የአጥር እንጨትና የቡና ቅርንጫፍም ያንጠለጥለዋል። ጠዋት ለመያዝ ከተቸገርክ ትንሽ ፉርሽካ ይዘህ ግባ፣ በሳምንት ውስጥ ራሷ ትመጣልሃለች።

ጋሪ ነጂ (ሂርማታ)

እሺ፣ የሲባጎውን ነገር እኔም እሞክረዋለሁ። ግቢ ውስጥ ግን ብቻ።

ቆዳ ሠሪ

ላዘዝከው ሰው ልክ ሳትሰጠው ቀርተህ ከሆነ አሁን ውሰድለት፤ የበቅሎ ልክ ሠርቶ ቢሰጥህ ለድንክ ይወልቃል። በክር ሦስት ቦታ ለካ፦ ከጉንጭ አጥንቷ በታች የአፍንጫዋን ዙሪያ፣ ከዚያ ተነስቶ ከጆሮ ኋላ አልፎ በሌላው ጉንጭ እስኪወርድ ያለውን፣ እና ጉሮሮዋን። ለሁለቱም ለየብቻ ለካ። ከጆሮ ኋላ የሚያልፈውን ስስ ቆዳ በዘለበት አድርግልኝ በለው፣ ቢበጠስ እሱን ብቻ ትቀይራለህ።

ባለ ሁለት ባዝራ

ክሩን ለክቼ ለየብቻ ቋጥሬያለሁ፣ ነገ አደርስለታለሁ። የጥጥ ገመድ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አለ?

ጋሪ ነጂ (ሂርማታ)

የጋሪ ዕቃ ከሚሸጡት ጠይቅ። በሜትር ይቆርጡልሃል፤ ጫፉን በክር አስጠምጥመው፣ አለዚያ ይተረተራል።